የሊቅነት መንገድና ችግሩ፤ በጎንደርና በድብ ባሕር የነባሩና የዛሬው ተመራማሪ ኑሮ

ድብ ባሕር ከጎንደር ወደ ትግራይ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ፥ ከደባርቅ በታች፥ በላማሊሞ ገደል ግርጌ የምትገኝ መንደር ናት። ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደው፥ ከምጽዋም ወደ ጎንደር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ በዚህ በኩል ያልፍ ስለ ነበረ ስፍራው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ጎንደር የገባው ይህንኑ ላማሊሞን ወጥቶ ነው። ዛሬ መኪና የሚሄድበትን ጠመዝማዛ መንገድ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ከገደሉ ላይ እስኪቆርጡት ድረስ መንገደኛው ሁሉ ዐቀበቱን የሚወጣው በእግሩ ወይም በበቅሎ ነበር።

ከነጋዴውና ከወታደሩ ሌላ በዚህ መንገድ የሚያልፍ፥ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን እምብዛም ያልቈጠሩት አንድ መንገደኛ ነበረ፤ እርሱም ተማሪው ነው። ከሽሬ፥ ከጸለምትና ከሌላውም የትግራይ ክፍል ተነሥቶ የጎንደርን አቋቋም ወይም የመጻሕፍትን ትርጓሜ ሊማር የሚመጣ ደቀ መዝሙር፥ ለምዱን ለብሶ፥ አኮፋዳውን በትከሻው አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ የሚሆን ዱላ ይዞ ይህን ዳገት ይወጣ ነበር። በዚህ ዘመን ደግሞ ጕዞው አቅጣጫውን ለውጧል። የዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ መጠይቁን በቦርሳው ይዞ ከጎንደር ወደ ደባርቅ፥ ከደባርቅም ወደ ድብ ባሕር ይወርዳል። አንዱ ዕውቀት ካለበት ሊቀበል ወጣ፤ ሌላው ዕውቀት የሚሆነውን ከገበሬው ደጃፍ ሊለቅም ወረደ። ሁለቱም ግን ከቤተ ሰብ ርቀው፥ መጨረሻው በቶሎ በማይታይ ሥራ ዓመታቸውን የሚያሳልፉ ሰዎች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን ድካም ማመዛዘን አይደለም፤ ድካምን በሚዛን ማስቀመጥ ከንቱ ነው። የሚመረመረው ነገር ችግሩ የሚቻልበት ሥርዓት ነው። ነባሩ ትምህርት ቤት የተማሪውን ረኃብ፥ ብቸኝነትና ተስፋ መቍረጥ አላስቀረለትም፤ ነገር ግን ማኅበሩ ሁሉ የሚያየው፥ በየዕለቱም የሚነገር ነገር አደረገው። አዲሱ ትምህርት ቤት ከረኃቡ ብዙውን አቃለለ፤ የቀረውን ችግር ግን የተማሪው የግል ምሥጢር አድርጎ ተወው።

በመጀመሪያ የነባሩ ተማሪ ደረጃ በትክክል መታወቅ አለበት። ብዙ ሰው «የቆሎ ተማሪ» ሲባል ፊደል የሚቈጥር ሕፃን ይመስለዋል። ነገር ግን ንባብና ዳዊት ከጨረሰ በኋላ ወደ ዜማ ቤት፥ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤት፥ በመጨረሻም ወደ መጻሕፍት ቤት የሚያልፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ ጐልማሳ ነው። ለየሙያው የታወቀ ስፍራ አለው፤ ድጓ የሚመሰከረው በጋይንት ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አባ፥ አቋቋም በጎንደር በአታ ነው፤ የቅኔ ቤቶች ዝና በጎጃምና በዋድላ ይበረታል። በትርጓሜ መጻሕፍት ጎንደር ከፍ ያለ ስም አላት። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት የአንድምታ ወገኖች ከዚሁ ይቈጠራሉ፤ የታች ቤት አመራርም ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ሰው እነዚህን ሁሉ አዳርሶ ምሉዕ ሊቅ ለመባል ከሃያ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ የመጻሕፍት ቤቱ ደቀ መዝሙር ከዛሬው የዶክትሬት ተማሪ ጋር ቢነጻጸር አግባብ ነው።

ይህ ተማሪ የሚበላው ለምኖ ነው። ልመናውም የድኽነት ምልክት አልነበረም፤ የባላባት ልጅም ቢሆን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በሰው ደጅ ይቆማል። ባለቤቲቱ ቍራሽ ትሰጣለች፤ ወይም «እግዜር ይስጥህ» ትለዋለች፤ ይህም የለም ማለት መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የአገሩ ሰው ለተማሪ መስጠትን እንደ ግዴታ ስለሚቈጥረው መንደሩ ሳያውቀው የትምህርቱ ባለ ወጪ ሆኖ ኖሯል። በመኸር ጊዜ ተማሪዎች ወደ አውድማ ወጥተው እህል ይለምናሉ፤ ተዝካርና ዝክር ባለበትም ይሰበሰባሉ። ነገሩን በጥቅም ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ኋላ ቀር የገንዘብ አያያዝ ይለው ይሆናል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ሁሉ የሚለምን ከሆነ በመለመን የሚያፍር የለም። ዛሬ አልቀናኝም ብሎ ባዶ አኮፋዳ ይዞ የተመለሰውን ተማሪ ጓደኛው ያየዋል፤ ካመጣውም ያካፍለዋል።

ለዚህ ማካፈል ሥርዓት ነበረው። ተማሪዎቹ ከመካከላቸው አበጋዝ ይሾማሉ። አበጋዙ ውሃ የሚቀዳውን፥ እንጨት የሚለቅመውን፥ ጎጆ የሚሠራውን ተራ ያስይዛል፤ የተጣሉትን ያስታርቃል፤ የታመመ ሲኖር የሚለምንለትና የሚያስታምመው ሰው ይመድባል። ጎጆዎቹ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ የሚይዙ፥ ጐንበስ ብለው የሚገቡባቸው የሣር ቤቶች ስለ ሆኑ የአንዱ ዝምታ ከሌላው አይሰወርም። አዲስ የመጣው ከነባሩ ጋር ያድራል፤ ነባሩም ቀለሙን ያስጠናዋል። በዚህ ዓይነት የዕውቀቱ መምህር አንድ ቢሆንም የኑሮው መምህራን ብዙ ናቸው።

በቅኔ ቤት ያለው ልማድ ለዚህ ጥናት ከሁሉ ይልቅ ይጠቅማል። መምህሩ፥ ተማሪዎቹ «የኔታ» የሚሏቸው፥ የዕለቱን ቅኔ ይዘርፋሉ፤ መንገዱንም ያሳያሉ። ተማሪው ከዚያ በኋላ ወደ ዱር ወይም ወደ ቍጥቋጦ ገብቶ ብቻውን ይቈጥራል። ቈጠራ ማለት እንግዲህ አዲስ ቅኔ ማሰብ ነው፤ ሌላ ሰው ያሰበውን መድገም ነውር ነው። በዚህ ሰዓት ማንም አያነጋግረውም። ምሽት ሲሆን ግን ያሰበውን ይዞ ወደ ጉባኤው ይመለሳል፤ ለየኔታ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ሙያው የጎደለው፥ ምሥጢሩ የላላው በዚያው ሰዓት ይታረማል። ብቸኝነቱ ለሥራው የሚያስፈልግ ብቸኝነት ነው፤ ልኩም የአንድ ቀን ነው። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ ሲሄድ ወደ ረጃጅሙ መወድስ ይደርሳል። ዛሬ የተበላሸበት ነገ ሌላ ይነግራል፤ ስሕተቱ ከአንድ ሌሊት በላይ አብሮት አያድርም። ማንኛውም የሥነ ትምህርት ሊቅ ይህን ያህል የጠበቀ የሥራና የእርማት ትስስር በሌላ አገር ፈልጎ በቀላሉ የሚያገኝ አይመስልም።

ሌላም የሚታለፍ ያልሆነ ነገር አለ። ነባሩ ትምህርት በየደረጃው መውጫ በር ነበረው። ንባብና ጥቂት ዜማ ያወቀ ለድቁና ይበቃል፤ ቅዳሴ የተማረ ይቀስሳል፤ ዜማና አቋቋም ያወቀ ደብተራ ሆኖ ደብር ያገለግላል። መጻሕፍት ቤት ገብቶ ዐቅሙ ያልፈቀደለት ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ባዶ እጁን አይመለስም። የዛሬው መመረቂያ ጽሑፍ ግን ወይ ያልቃል ወይ የለም፤ አራት ዓመት ደክሞ አምስተኛው ላይ ያቆመ ሰው ባቆመበት ቦታ የሚጠራበት ስም አላገኘም።

ይህን ሁሉ ብሎ ጕዳቱን መደበቅ ለአንባቢ ሐሰት ማቅረብ ይሆናል። ተማሪው በረኃብና በተባይ ይሠቃይ ነበር። በተጨናነቀ ጎጆ ውስጥ ግርሻና ተስቦ አንዱን ሲይዝ ሁሉን ያዳርስ ነበር። እከክ እስከ ዛሬም ያልለቀቃቸው በሽታ ስለ ሆነ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ተመራማሪዎች በከተማው የቆሎ ተማሪዎች ላይ ይህንኑ አጥንተዋል። በቈላ መንገድ የሚያልፈውን ደግሞ ንዳድ ይጠብቀው ነበር። ቀለም አልገባህ ያለው ተማሪ አብሾ የሚባለውን መድኃኒት ይጠጣል ይባላል፤ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ ይታመናል፤ መጠኑን ያለፈ ግን ያሳብዳል ተብሎ ይፈራል። ስለ አብሾ የሚነገረው ሁሉ እውነት ባይሆን እንኳ ወሬው ራሱ ማስረጃ ነው፤ የመርሳት ፍርሃት ተማሪውን እስከ መርዝ ሊያደርሰው እንደሚችል ማኅበሩ ያውቅ ነበርና። ብዙዎች ወላጆቻቸው ሳያውቁ ጠፍተው ስለሚመጡ፥ ስማቸውንም ስለሚለውጡ፥ በመንገድ የሞተው መርዶው ሳይሰማ ይቀር ነበር። ለሴቶች ደግሞ በሩ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል። ጐጃም ውስጥ በጸላሎ ቅኔ ያስተማሩት ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው ይህን ያህል የገነነው ብቻቸውን ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ስለ ተገኙ ጭምር ነው። የዚህን ኑሮ ዝርዝር ለማየት የሚፈልግ ተማሪ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ቃል ጽፈው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙትን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ቢያነብ ይጠቀማል።

በጥር 1880 ዓ.ም. መሐዲስቶች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናቱና መጻሕፍቱ ጠፉ፤ ሊቃውንቱም ተበተኑ። ትምህርቱ ግን አልጠፋም፤ ብዙው ክፍል በቃል የተያዘ ስለ ነበረ የተረፈው መምህር በተቀመጠበት ዛፍ ሥር ጉባኤ ሊዘረጋ ይችል ነበር። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው በኋላ ስለሚነገረው ጦርነት ነው።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ወደ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1954 በተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነው፤ ይህም አድጎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት ማስትሬትና ዶክትሬት የፈለገ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ይሻገር ነበር። በዳባት ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው የጤናና የሕዝብ ቍጥር መከታተያ ብዙ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መረጃ ያገኙበት ስፍራ ሆኗል። ስለዚህ የሰሜን ጎንደር ገበሬ መጠይቅ ይዞ የሚመጣ ወጣት ለዐይኑ አዲስ አይደለም።

ይህ ወጣት ወደ ድብ ባሕር ከመውረዱ በፊት ብዙ ደጅ ይጠናል። ንድፈ ጥናቱ መጽደቅ፥ የሥነ ምግባር ፈቃዱ መሰጠት አለበት፤ ከዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ ለዞኑ፥ ከዞኑ ለወረዳው፥ ከወረዳው ለቀበሌው ይጻፍለታል። በየጽሕፈት ቤቱ ማኅተም የያዘው ሰው ለስብሰባ ወጥቷል ይባላል። ደብዳቤው ሲሟላ ወቅቱ ያልፋል፤ በክረምት የላማሊሞ መንገድ በናዳ ይበላሻል፤ ዝናቡ ሲያባራ በቈላው የወባ ወራት ይገባል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ገበሬው ከአጨዳና ከውቂያ ላይ አይገኝም። የምርምሩ ገንዘብ ደግሞ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ፥ ሰኔ ላይ ሊለቀቅ ይችላል። በደባርቅ አልጋ ተከራይቶ የሚጠብቅ ተማሪ ከደመወዙ ያወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ልጆች ያሉት፥ ወላጆቹንም የሚረዳ መምህር ነው። ነባሩ ተማሪ ለምኖ ያድር ነበር፤ እርሱ ግን ባለ ዲግሪ ስለ ሆነ መለመን አይችልም። ተበድሮ ዝም ይላል።

ከመንደሩ ሲደርስ ሌላ ትምህርት ይጠብቀዋል። «ከብትህ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ በመጠይቁ ላይ ቀላል መስሎ ይነበባል። በገበሬው ዘንድ ግን ከብትንና ልጅን ቈጥሮ መናገር አይወደድም፤ ከዚህም በላይ መሬትና ከብት የሚጠይቅ ሰው ግብር የሚጥል መስሎ ይታያል። ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነት ያነሰ ነው። ይህን የተረዳ ተመራማሪ መጠይቁን አጥፎ አስቀምጦ መጀመሪያ ቡናውን ይጠጣል። ደጅ የቆመ እንግዳ ነውና፤ ከነባሩ ተማሪ የሚለየው በአኮፋዳ ፋንታ ወረቀት በመያዙ ብቻ ነው። የአገሩም ሰው፥ የመጣበትን ጕዳይ ሳያምንበት እንኳ፥ እንጀራ ያቀርብለታል።

ከ2013 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ከብዷል። የሰሜኑ ጦርነት በዚያ ዓመት ክረምት ከአዲ አርቃይ በኩል አልፎ እስከ ደባርቅና ዳባት አቅራቢያ ደረሰ፤ በዳባት ወረዳ በጭና የደረሰው የሲቪሎች ግድያ በሰፊው የታወቀ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ፤ መንገዶችም በየጊዜው ይዘጉ ነበር። በተማሪው ጊዜ ሰሌዳ ላይ «መረጃ መሰብሰብ፥ ሦስት ወር» ተብሎ የተጻፈው ቃል ትርጕሙን አጣ። ከአማካሪው ጋር በመልእክት ይገናኝ የነበረው ድምፁ ጠፋ። መንገድ ተከፍቶለት ሲሄድም ስለ እርሻ ሊጠይቅ የገባበት ቤት ለቅሶ የተቀመጠበት ሆኖ ያገኘዋል። በአገሩ ሥርዓት ሐዘንተኛ ቤት የገባ ሰው አስቀድሞ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ጉዳዩን አያነሣም። መጠይቁ ለዚህ መቀመጥ ቦታ አልሰጠውም፤ የዕለቱ ሥራ ባዶ ተብሎ ይመዘገባል። የሰማውን ሐዘን ተሸክሞ ማታ ወደ አልጋው ሲመለስ የሚነግረው ሰው የለም። ቅኔ ቈጣሪው ምሽት ላይ ወደ ጉባኤ ይመለሳል፤ ይህ ግን የሚመለስበት ጉባኤ በዚያ አልተዘረጋም።

ችግሩ የአገሬው ብቻ አለመሆኑን በጎንደር ዙሪያ የሠሩ የውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪዎች ታሪክ ያስረዳል። ፍሬድሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 በቅማንት ዘንድ ሲያጠና ዋናው መምህሩ የከርከሩ ወንበር ሙሉና መርሻ ነበሩ። በቅማንት ዘንድ ወንበር የሃይማኖት አባት መጠሪያ ነው፤ በጎንደር ጉባኤ ቤት ደግሞ የመምህር ማስተማሪያ ነው፤ ጋምስት በሁለቱም ትርጕም ወንበር አግኝቷል ቢባል አያሳፍርም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ሊቅ ዘላለም ልየው ስለ ቅማንትኛ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲታተም ቋንቋውን አጥርተው የሚናገሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጥናት የተማሪው መዘግየት የግሉ ጕዳት ሆኖ አይቀርም፤ አንድ ዓመት ሲዘገይ የሚነግሩት ሰዎች ያንሳሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የኬይ ካውፍማን ሸለመይ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 መጥታ በጎንደር አጠገብ በአምቦበር የቤተ እስራኤልን የጸሎት ዜማ መቅዳት ጀመረች፤ በማግስቱ ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። ወደ ጎንደር ገጠር መመለስ ባስቸገራት ጊዜ በአዲስ አበባ የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ማጥናት ያዘች። ሁለቱን ስታነጻጽር የቤተ እስራኤል ሥርዓተ ጸሎት ከኢትዮጵያ ገዳማዊ ሥርዓት ጋር በጥብቅ የተዛመደ ሆኖ አገኘችው። ድርሰቷን እ.ኤ.አ. በ1977 ፈጸመች። ግኝቱ የሕዝቡን የትውልድ አመጣጥ የሚነካ፥ ወደ እስራኤል የመግባታቸውም ጕዳይ ገና በክርክር ላይ የነበረ ስለ ሆነ መጻፉ ከባድ ሸክም ነበር፤ ይህንም እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመችው የትዝታ መጽሐፍ ገልጣዋለች። በድርሰቱ ገጾች ላይ ግን ይህ ሸክም አይታይም። የሳይንሱ ወግ አይፈቅድምና፤ ሸለመይ የትዝታ መጽሐፏን እስክታሳትም ድረስ ዐሥራ አራት ዓመት ዐለፈ።

እንግዲህ ከነባሩ ልማድ ምን ሊወሰድ ይችላል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ልመናውን መመለስ ማንም አያስብም፤ ጎጆውንም እንዲሁ። አበጋዝን መሾም ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በአንድ ወረዳ የተሰማሩ አምስት ስድስት ተማሪዎች፥ ከየትኛውም የትምህርት ክፍል ይሁኑ፥ በደባርቅ በሳምንት አንድ ማታ ተገናኝተው የሰሙትንና ያቃታቸውን ቢነጋገሩ የነገራን ሥርዓት በከፊል ያገኙታል። አማካሪውም ሙሉ ምዕራፍ ካልመጣልኝ አላይም ከሚል ይልቅ በየጊዜው ሁለት ገጽ ቢሰማ የስሕተቱ ዕድሜ ያጥራል፤ በዚህ ረገድ ብዙው አማካሪ በትምህርት ብዛት ተይዞ እንጂ በክፋት ዝም እንደማይል መታመን አለበት። የመውጫውን በር የሚመለከተው ጥያቄ ግን ከተማሪና ከአማካሪ ዐቅም በላይ ነው፤ ያልተፈጸመ ጥናት በተደረሰበት ደረጃ የሚታወቅበትን መንገድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ካልከፈቱ በስተቀር በመሳቢያ ውስጥ የሚቀረው የመስክ ማስታወሻ እየበዛ ይሄዳል።

በነባሩ ቤት ተማሪው ሲፈጽም መምህሩ ይመርቁታል፤ ዕውቀቱም ወዲያው ለሰሚ ይደርሳል፤ የለመነበት መንደር በበዓል ቀን ሲቀድስና ሲቀኝ ያየዋል። በድብ ባሕር መጠይቁን የመለሱት ገበሬዎች ግን ያ ወጣት ምን ላይ እንደ ደረሰ አልተነገራቸውም። ሌላ ወጣት ሌላ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለዚያ ስለ ፊተኛው ነው፤ የጻፈው መጽሐፍ አማርኛ መሆን አለመሆኑን፥ የነገሩትም ነገር በውስጡ መግባት አለመግባቱን።